ጭንቅላቱ አዲስ አበባ የሆነ ማማ

በሕይወቴ እምላለሁ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። ወላሂ። የሚጠራጠር ካለ ጭሮ መጥቶ ይጠይቅ፤ ጎረቤቶቼን ብቻ አይጠይቅ።

ሰው ስልክ ከያዘ ወዲህ መገናኘት እየከበደው ሄዷል። ድሮ ሰው ስትፈልጉ ገበያ ትወጣላችሁ፣ ታገኙታላችሁ፣ አለቀ። ዛሬስ?

ለወንድሜ ልጅ ሽማግሌ ሆኜ ገለምሶ ሄጄ ነበር። የልጅቷ አባት ሐጂ መሐመድ፣ ልጄን አታርቁብኝ፣ እዚሁ ይኑሩ፣ መስማማታችሁን እስከ ሐሙስ የከሰዓቱ አሱር ሰላት ደውላችሁ ካልነገራችሁኝ፣ እነሱም ሽማግሌ ለላኩት ለሂርናዎቹ ቃሌን እሰጣለሁ አሉ። ቤት ገብተን ተመካከርን፣ ተስማማን። የቀረችው አንዲት ስልክ መደወል ናት። ይሄ ምን ይከብዳል?

ሐሙስ ጭሮ ገበያ ነው። ጫት ተራ ሰዉ ከመብዛቱ የተነሳ ዝንብ እንኳ የምታርፍበት አጥታ ወረፋ ይዛለች። ሁሉም ስልክ ይዞ የድሬዳዋን ዋጋ ይጠይቃል። ሐጂ ጋ ደወልኩ፣ ተይዟል። ደገምኩ፣ ተይዟል። የወንድሜ ልጅ ደግሞ ቤት ተቀምጦ ጥፍሩን እየበላ ነው።

እኔ ግቢ የተከራየ ሀብታሙ የሚባል የኔትወርክ ባለሙያ አለ፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ። ገበያው ዳር ካለው የስልክ ማማ ሥር ላፕቶፑን ከፍቶ አገኘሁት። ይሄ ብረትህ ታሟል አልኩት።

«አልታመመም አባባ» አለኝ። «ድሮ እያንዳንዱ ማማ በራሱ ጭንቅላት ነበር የሚያስበው። አሁን ጭንቅላቱን አውጥተን አዲስ አበባ አንድ ቦታ ሰብስበነዋል። ከዚያ ሆኖ ሁሉንም ያያል። አንዱ ማማ ላይ ሰው ሲበዛ ግማሹን ወደ ሌላው ያዛውራል። ማማው የታዘዘውን መፈጸም ብቻ ነው።»

ይህን ስሰማ የገዛ ጭንቅላቴ ያለበት ጠፋኝ። ታዲያ እዚህ የተገተረው ምንድን ነው፣ እጅና እግር ብቻ? ዛሬ ጭሮ ገበያ መሆኑንስ ማን ነገረው? «እንደ እኛ እንደ መንግሥት ሠራተኞች ዝውውር ያስቡት» አለኝ። አንተን እዚህ የመደበህ ሰው ጭሮን አይቷት ያውቃል ወይ ብዬ ብጠይቀው እጁን ለስልኬ ዘረጋ።

ስልኬን ተቀብሎ አየና፣ ወደ ኮረብታው ማማ ተዛውረዋል፣ መስመርዎ ንጹሕ ነው አለኝ። ልብ በሉ፤ እኔ ጫት ተራ፣ ስልኬ ኮረብታ ላይ፣ ጭንቅላታችን አዲስ አበባ። ሳላስበው ጎንበስ ብዬ እግሬን አየሁ። አለ።

ደወልኩ። ተይዟል። እንግዲያው ሰውየው ራሳቸው እያወሩ ነው አለ ሀብታሙ። ከማን ጋር? ከሂርናዎቹ ጋር ነዋ። ይባስ ብሎ የአሱር አዛን ተሰማ።

ይሄኔ ከጀርባዬ አንድ ድምፅ፣ «ኤሳ ጂርቱ፣ ሰውየው፣ የት ገቡ?» እያለ በማይመልስ ስልክ ላይ ይጮሃል። ዞር ብል፣ ሐጂ። ስልክ የትም ስልክ ነው ብለው፣ ጫታቸውን ጭነው ከገለምሶ በጠዋት ገብተዋል።

«ከጠዋት ጀምሮ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት? በደወልኩ ቁጥር ተይዟል ይለኛል» ብለው ተቆጡኝ። ለካ እኔ ለእሳቸው፣ እሳቸው ለእኔ፣ ጀርባ ለጀርባ ቆመን ስንደዋወል ነው የዋልነው።

ተስማምተናል አልኳቸው፣ በአፌ። አልሐምዱሊላህ አሉኝ፣ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ።

ያ የአዲስ አበባው ጭንቅላት ሁለታችንም እዚህ መሆናችንን አያውቅም ነበር ወይ ብዬ ሀብታሙን ጠየቅኩት። ያውቃል፣ መናገር ግን ሥራው አይደለም አለኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይላሉ፤ የእኛ ድር ሁለት ሽማግሌ አቅቶት ዋለ።

እንግዲህ ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ፣ ለሐጂ ክብር ስል፣ ከራሴ ጨምሬአለሁ። ጀርባ ለጀርባ አልነበርንም። ፊት ለፊት ነበርን።