የፈላስፋው ሙሉ ልብስ

በየከተማው አንድ «ሊሄድ ነው» የሚባል ሰው አለ። መቂም ውረዱ፣ ሞጆም ውጡ፣ ጠይቁ፤ ያሳዩዋችኋል። ሻንጣው አልጋው ሥር ነው፤ ስንብቱን ከጨረሰ ቆይቷል። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ «እስካሁን አለህ እንዴ?» ይለዋል፤ እሱም የሰው ቦታ እንደያዘ ሰው እያፈረ ይስቃል። ከእነዚህ ሁሉ ግን የናዝሬቱ ይበልጣል። ሌሎቹ ሊሄዱ የነበረው ሥራ ወይም ሚስት ፍለጋ ነው። የናዝሬቱ ሊሄድ የነበረው ፍልስፍና ሊመራመር ነው።

እሱም ክቡር ጓድ ነጋሳ ነው። «ጓድ» የሚለውን እንደማንኛውም ሰው ከዘመኑ አገኘው፤ «ክቡር»ን የጨመረለት ልብስ ሰፊው መሐመድሰዒድ ነው። ነጋሳ በፍልስፍና የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ ለማስተማር ናዝሬት ከተመደበ ጀምሮ፣ ከትምህርት ቤት መልስ መቀመጫው የመሐመድሰዒድ በረንዳ ነበር። መሐመድሰዒድ ከወሎ ከመጣ ወዲህ ስንቱን ወፍራምና ቀጭን ለክቷል፤ እንደ ነጋሳ ለመለካት ያስቸገረው ግን የለም።

«ጋሼ መሐመድ፣ ‹ልክህ ነው› ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?»

«እጅህ የሚገባበት እጅጌ ማለቴ ነው። ዝም ብለህ ቁም።»

«ለዛሬው እጄ ነው ለነገው?»

«ወላሂ፣ ራቁትህን ነው የምሰድህ!»

ነጋሳ ሊመራመርበት የፈለገው ነገር አንድ ነበር፤ ሽማግሎች የተጣላ ሲያስታርቁ እውነቱ ከማን ጋር እንዳለ በምን ያውቃሉ? «ፈላስፎች ዕድሜ ልካቸውን የሚጨቃጨቁበትን ሽማግሌው ኦቦ ሆራ ከምሳ በፊት ይጨርሱታል» ይል ነበር። ስለዚህ ጠብ ያለበትን ሁሉ እያነፈነፈ፣ ሽምግልና በተቀመጠበት ጥላ ሥር ሁሉ ይገኛል።

አንድ ቀን ገርባና ሐዲስ የሚባሉ ባለጋሪዎች ወንጂ መታጠፊያው ላይ ተጋጩ። የገርባ ጎማ ተተረተረ፤ ስድብም ተከተለ። ኦቦ ሆራና ጓደኞቻቸው ግማሽ ቀን ደክመው አስማሟቸው። ሐዲስ «አጥፍቻለሁ» አለ። ገርባ ይቅር አለ። ሊሳሳሙ አንገት ላንገት ሲጠጋጉ ከዳር አንድ ጣት ተነሣ።

«ይቅርታ አባቶቼ፣ ለመረዳት ያህል ነው። ሐዲስ ‹አጥፍቻለሁ› ሲል ምን ማለቱ ነው?»

ሐዲስ አሰበ። ጉዳቱ ማሰቡ ነበር።

«እውነትም፣ እኔ ምን አጠፋሁ? የደነበረው ፈረሱ ነው!»

«ፈረሱ ነው?» አለ ገርባ። «ታዲያ እናቴን የሰደበውም ፈረሱ ነው?»

ጠቡ እንደ አዲስ ተቀጣጠለ። ኦቦ ሆራ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና «ነጋሳ ልጄ፣ ቤት እንዴት እንደቆመ ለማወቅ ምሰሶውን ነው የምትነቅለው?» አሉት። ነጋሳ በማግስቱ የገርባን ጎማ በገዛ እጁ እየገፋ ወደ ጎሚስታ ሲሄድ ታየ። ሲመለስ ሐዲስ ከኋላው ይገፋ ነበር። ጠቡ በዚያው አለቀ፤ ማን እንዳጠፋ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

በዚያው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ተጠራ። የቀድሞ መምህሩ ለድህረ ምረቃ ቦታ አግኝቶለት፣ «የጀመርከውን የሽማግሎች ነገር ይዘህ ና» ብሎት ነበር። የቀረው የቀበሌው ጉባኤ ጥናቱ ለሰፊው ሕዝብ እንደሚጠቅም እንዲመሰክርለት ብቻ ነው። ነጋሳ በደስታ እንቅልፍ አጣ። መሐመድሰዒድም አገሩ ሁሉ ካኪ መልበስ ሲጀምር ሣጥን ውስጥ የቀበረውን ግራጫ ሱፍ አወጣ።

«ዩኒቨርሲቲ በካኪ አይገባም» አለና ሙሉ ልብስ ሰፋለት። ነጋሳ ለብሶት መስተዋት ፊት ሲቆም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጠየቀም።

ጉባኤው እሑድ ጠዋት ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቶሎ ጨርሶ ወደ ስኳር እደላው መሄድ ነበር የፈለገው።

«የጓድ ነጋሳ ጥናት ለሰፊው ሕዝብ ይጠቅማል የምትሉ፣ እጅ!»

እጅ እንደ ሸንኮራ አገዳ ቆመ። ገርባና ሐዲስማ «ብቻ ይሂድልን!» እያሉ ሁለት ሁለት እጃቸውን አወጡ።

«የሚቃወም?»

አንድም አልነበረም።

«ድምፀ ተአቅቦ?» አለ ሊቀመንበሩ፣ ወረቀቱን እየሰበሰበ። ለወጉ ያህል ነው እንጂ በዚያ አዳራሽ ለዚህ ጥያቄ እጁን ያወጣ ሰው ታይቶ አያውቅም። አንድ እጅ ወጣ። መሐመድሰዒድ ዞር ሲል፣ ከአጠገቡ ነው፤ እጅጌው ደግሞ ግራጫ ነው።

«ጓድ ነጋሳ፣ ልትናገር ነው?»

«አይ፣ ድምፅ መስጠቴ ነው» አለ ነጋሳ፣ እየተንተባተበ። «ጥናቱ ይጠቅም አይጠቅም ገና አላውቅም። ለማወቅ ነው የምሄደው። አሁን ይጠቅማል ብል ውሸት ይሆንብኛል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ዋጠው። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ «አንተ ራስህ ያልመሰከርክለትን እኛ ብንመሰክር፣ ነገ የበላይ አካል ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ?» አለ። «በይደር ይቆይ።»

በይደር ቆየ። መስከረም ሲጠባ ቦታው ምንም ለማይጠራጠር ሰው ተሰጠ።

ከአዳራሹ ሲወጡ መሐመድሰዒድ አልቻለም፤ «አንተ ሰው፣ እጅህን ምን አነሣው? ዝም ብትል ምን ነበረበት?» አለው።

«ጋሼ መሐመድ፣ ‹ዝም› ሲሉ ምን...» ብሎ ነጋሳ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። «እኔም እኮ መሄድ እፈልግ ነበር» አለ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ። የነጋሳ ፀጉር ሸሸ፣ ወገቡ ሰፋ። ግራጫው ሙሉ ልብስ መሐመድሰዒድ ሱቅ ውስጥ በነጠላ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። በየመስከረሙ መሐመድሰዒድ ያስለብሰውና ወገቡን ያሰፋለታል። እጅጌው ጋ ሲደርስ ግን እጁ ይዘገያል። ያን እሑድ ክርኑን ያዝ አድርጌ ባወርደው ኖሮ ይላል በልቡ። ደግሞ ባወርደው ኖሮ፣ የሄደው ነጋሳ ይሆን ነበር ወይ? ይህን የሚጠይቀው ማንንም አይደለም።

በቀደም አንድ የመቂ የሽንኩርት ደላላ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ነጠላውን ገለጥ አደረገ። ነጋሳ እንደ ልማዱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል።

«እንዲህ ያለ ሱፍ ዛሬ ከየት ይገኛል!» አለ ደላላው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለእኔ ያድርጉት አባባ። ባለቤቱ እንደሆነ አይሄድም።»

መሐመድሰዒድ ከአፉ ስፒሎቹን አንድ በአንድ አወጣ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ።

«‹አይሄድም› ስትል» አለው፣ «ምን ማለትህ ነው?»