ጋሽ ተስፋልደት ላማዋን የመረቁ ዕለት

ምራቅ እንደ አገሩ ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ እንትፍ ብሎ ይመርቃል፤ ያማረ ሕፃን አይቶ እንትፍ እንትፍ ያላለ ሰው ደግሞ ዓይኑ ይጠረጠራል። ይህንን ቸርነት ለንደን አውቶቡስ ላይ ብትሞክሩት ግን ቲኬት ቆራጩ ጎትቶ ያወርዳችኋል። የላማ ነገር ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ነው።

ላማ ማለት፣ ላላያችኋት፣ ሻኛ የሌላት ትንሽ ግመል ናት። ጠጉሯ የበግ፣ አንገቷ የግመል፣ ኩራቷ የድሮ ባላባት። አልፓካ የምትባለው አጠር ያለችው ታናሽ እኅቷ ናት። ሁለቱም ከደቡብ አሜሪካ ተራራ ወርደው ለንደን የከተሙ ስደተኞች ናቸው። ከእኔ የሚለዩት ስለ ጤናቸው የሚጨነቅ ዶክተር ስላላቸው ብቻ ነው።

እኔን የከብት በሽታ ተማር ብሎ የላከኝ መንግሥት፣ ገና የላም ጉበት እያጠናሁ ሳለ ወረደ። ደርግ ደግሞ ና ተመለስ አለኝ። ቀድሞኝ የተመለሰው ጓደኛዬ ከአውሮፕላን ማረፊያ ቤቱ ሳይደርስ መወሰዱን ስሰማ ሐሳቤን ቀየርኩ። ፈራሁ፤ ምን እደብቃለሁ? ለመቆየት ግን የአሠሪ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ስለዚህ በለንደን ሰሜናዊ ዳርቻ ባለ የእንስሳት ምርምር ግቢ ገብቼ፣ የላማ በጠጥ እየሰበሰብኩ በማይክሮስኮፕ የትል እንቁላል እፈልግ ጀመር። የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ አለቃዬ የሆነችው ዶክተር ወይ ደብዳቤውን ትፈርማለች፣ ወይ ታሰናብተኛለች።

ዶክተሯ የምትመራመረው ላማዎቹ ለምን እንደሚከሱ ነበር። ለዚህም ከጨጓራቸው ፈሳሽ መቅዳት ነበረባት። አራት ሆነን አንዲቷን ላማ ይዘን ቱቦ በአፏ ልናስገባ ብንሞክር አራታችንንም መሬት ላይ አንጥፋን ሄደች። ጠርሙሶቹ ባዷቸውን ቀሩ፤ የዶክተሯም ንዴት ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ያርፋል።

በዚህ መሀል ነው ጋሽ ተስፋልደት የመጡት። ዊልስደን በሚባለው የለንደን ሰፈር የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። እሳቸው ታዲያ፣ ያደግሁት ምጽዋ ግመል መሀል ነው፣ ሻኛ የለሽ ግመል ሳላይ አልሞትም አሉ። ጋሽዬ፣ እንግዳ ማስገባት ክልክል ነው፣ ዛሬ ደግሞ የደብዳቤዬ ጉዳይ የሚወሰንበት ቀን ነው ብላቸው፣ እንግዲያው ምርቃት ያስፈልግሃላ ብለው ባርኔጣቸውን አደረጉ። ሽማግሌ እምቢ ይባላል እንዴ? በጓሮ በር አስገባኋቸው። ቁመታቸው የመብራት ምሰሶ ነው፤ ባርኔጣቸው ከአጥሩ በላይ እየታየ እኔ ጎንበስ ይበሉ እያልኩ እለምናለሁ። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ የተባለው ለካ ለእኛ ኖሯል።

ከተወለደ ሦስት ቀን የሆነው ነጭ ግልገል ከእናቱ ሥር ቆሟል። ጋሽ ተስፋልደት ሲያዩት ልባቸው ቀለጠ። ወይ ማማር! አሉ። ወዲያው ደግሞ የገዛ ዓይናቸው እንዳይጎዳው ደንግጠው በአጥሩ ላይ ጎንበስ አሉና እንትፍ! እንትፍ! አሉበት። በዚያችው ቅጽበት ዶክተሯ ካፖርቷን ለብሳ ከኋላችን ብቅ አለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

በላማ ወግ እንትፍ ማለት ምርቃት አይደለም፣ የጦርነት ዐዋጅ ነው። እናትየዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጠፈች፣ አገጯን ቀና አደረገች፣ ከሆዷ የሳበችውን አረንጓዴ ነገር ለቀቀችው። ጋሽ ተስፋልደት አሁንም እንዳጎነበሱ ነበሩ። ዶክተሯ አላጎነበሰችም። ከግንባሯ እስከ ደረቷ! ሽታውን አልናገርም፤ እየበላችሁ የምታነቡ ትኖራላችሁ።

እኔ በልቤ ሻንጣዬን ማሰር ጀመርኩ። ጋሽ ተስፋልደት መሐረባቸውን አውጥተው፣ እመቤቴ ምርቃት ነበር እያሉ ሊጠርጉላት ሲሉ፣ እንዳትነኩኝ! ብላ ጮኸች። አለቀልኝ አልኩ። ቀጥላ ግን ጠርሙስ አምጣ፣ ቶሎ በል! አለችኝ። ለካ ከካፖርቷ ላይ የሚንጠባጠበው፣ አራት ሰው ታግሎ ያጣው የጨጓራ ፈሳሽ ነው! በማንኪያ እየፋቀች አጠራቀመችው። ፊቷን እንኳ ሳትጠርግ ሳቀች፤ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

እንዴት እንዳደረጉት ስትጠይቃቸው ጋሽ ተስፋልደት መምህርነታቸው አገረሸባቸው። ስለ ሰው ዓይን፣ ስለ ሕፃንና ስለ ምርቃት ረጅም ትምህርት ሰጧት፤ እሷም ማስታወሻ ያዘች። እስቲ አንተም ሞክር ተብዬ እንትፍ ብል፣ ላማዋ ገልመጥ አድርጋኝ ሣሯን ቀጠለች። የጎረምሳ ምርቃት ነው ብላ ንቃኝ ይሆናል። ጋሽ ተስፋልደት ሲደግሙት ግን አፍታም አልቆየች፤ ሁለተኛው ጠርሙስ ሞላ።

በማግስቱ ደብዳቤዬ ተፈርሞ መጣ። ፖስታውን ቀድጄ ከፈትኩት። ለንደን መቆየቴን ሳነብ እንባዬ መጣ፣ አላፍርበትም። ዓመታት የለፋሁበት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በመጨረሻ አገለገለኝ ብዬ የሥራ መደቤ የተጻፈበትን መስመር ፈለግሁ። እንዲህ ይላል፤ «የአቶ ተስፋልደት ረዳት፣ ጠርሙስ ያዥ።»