የእትዬ የሺን ጽጌረዳ የገደልኩ ጊዜ

ከአደራ ሁሉ የሚከብደው ነፍስ ያለው አደራ ነው። ዕቃ ቢሆን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋችሁበት ትተኛላችሁ። ነፍስ ያለው ነገር ግን ይጠማል፣ ይታመማል፣ ባለቤቱ ሊመጣ ሲል ደግሞ ያጣጥራል። አበው «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ያሉት የሰው ጽጌረዳ ውሃ ለማጠጣት ቃል በገቡ ማግስት ሳይሆን አይቀርም።

በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ላይ ነው። ላስ ቬጋስ፣ ሲልቬራዶ ራንች በሚባለው ሰፈር ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖሩት እትዬ የሺ፣ ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ወደ ሲያትል ሄዱ። ሲሄዱ የቤታቸውን ቁልፍ ሰጡኝና ጓሮ ያሉትን ስድስት ጽጌረዳዎች አሳዩኝ። የተከሏቸው ሟች ባለቤታቸው ጋሽ ታምራት ናቸው። «አደራ» አሉኝ፣ አንዴ ብቻ። ደጋግመው ቢሉት ይቀለኝ ነበር።

እኔ ዘ ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖ ጎዳና ላይ ባለ አንድ ሆቴል የእንግዳ መኪና አቆማለሁ። ያን ሰሞን በኮቪድ የተነሳ እንግዳውም መኪናውም ጠፍቶ ሺፍቴ በሳምንት ሁለት ቀን ሆኖ ነበር። ሥራ የፈታ ሰው ምን ያደርጋል? ይማራል። ስለ ጽጌረዳ ያላየሁት ቪዲዮ የለም። ከዚያ ሁሉ የገባኝ ይህ ነው፤ የላስ ቬጋስ ብርድ ከመምጣቱ መሄዱ ስለሚፈጥን፣ እዚህ ያለ ጽጌረዳ ብርድ መግባቱን አይሰማም፤ ጃንዋሪም ላይ ቅጠሉን እንደለበሰ ያብባል። ስለዚህ ጸደይ ሳይመጣ ቆርጦ፣ ቅጠሉን መልምሎ፣ በግድ ማስተኛት ያስፈልጋል። እንቅልፍ በማያውቅ ከተማ ውስጥ ጽጌረዳ የማስተኛት ኃላፊነት እኔ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ መቀስ ይዤ ገባሁና የሰው ቁመት ያህል የነበረውን እስከ ጉልበቴ አወረድኩት። አበባ የያዘውን ቅርንጫፍ ልተወው ብዬ ነበር፤ ቢሆንም የተማረ ሰው ነኝና ጨከንኩ። ባለቤቴ ሰናይት መጥታ አየችና፣ ይሄን ማገዶ ምን ልታደርገው ነው አለችኝ። የቆረጥኩትን መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሷ የምትለው መሬት ላይ ተተክሎ የቀረውን ነው።

በማግስቱ ውርጭ ጣለ። «የፈሩት ይደርሳል» ይባል የለ? ውርጩ የጨረሳቸው ስለመሰለኝ ከዚያ ወዲያ ጽጌረዳዎቹን ማየት አቃተኝ። ውሃውን በጎማ እየለቀቅሁ ፊቴን አዞር ነበር። ሦስት ሳምንት እንደሆነ እትዬ የሺ ደውለው ቅዳሜ እንደሚመለሱ ነገሩኝ። ጽጌረዳዎቼስ ሲሉኝ፣ ደህና ናቸው አልኩ።

እንግዲህ ይህን እንዴት ነው የምነግራቸው? የባል ማስታወሻ እኮ ነው! ለእንዲህ ያለው ነገር ደግሞ አገራችን ሥርዓት አላት። መርዶ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ቤት ድረስ ተሄዶ ነው የሚነገረው። በእኛ ሰፈር መርዶ በማርዳት የታወቁት አቶ ታደሰ፣ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው። ሄጄ ሳማክራቸው ይስቁብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ስድስቱም?» ብለው ጠየቁኝና በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

እሑድ ማለዳ ሦስታችን በሩ ላይ ቆምን። እትዬ የሺ ማታ ደክሟቸው ስለገቡ ጓሮውን ገና አላዩትም። አቶ ታደሰ ጥቁር ኮት ለብሰዋል፤ ሰናይት ብርዱን ፈርታ ነጠላዋን ተከናንባለች፤ ሁላችንም ማስክ አድርገናል። እስቲ ይታያችሁ፤ በዚያ ዘመን፣ በዚያ ሰዓት፣ እንዲህ ያለ ሰልፍ በራችሁ ላይ ቢቆም ምን ታስባላችሁ?

እትዬ የሺ ከፍተው አዩንና ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አዲስ አበባ ያለው ወንድማቸው በኮቪድ ተይዞ ሆስፒታል መግባቱን እኛ አናውቅም ነበር። አቶ ታደሰ እንደ ልማዳቸው፣ እንግዲህ የሁላችንም መንገድ ነው ብለው ሲጀምሩ፣ እትዬ የሺ «ወንድሜ መቼ ነው ያረፈው?» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት አፍሬ አላውቅም።

«እትዬ፣ ሰው አልሞተም» አልኩ። «ጽጌረዳዎቹ ናቸው። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

በየተራ አዩን። ከሁሉ በፊት አዲስ አበባ ደወሉ፤ የወንድማቸው ሚስት አንስታ፣ ዛሬ ይሻለዋል፣ ሾርባም ጠጥቷል አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ነው ተነስተው ወደ ጓሮ የወጡት። እኛም ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ከኋላ ከኋላቸው ተከተልን።

ጎንበስ ብለው አንዱን ግንድ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ውስጡ አረንጓዴ ነው። ጠጋ ብዬ ሳይ ደግሞ በየአንጓው የክብሪት ራስ የሚያህል ቀይ ቡቃያ ወጥቷል። ፊቴን ባላዞር ኖሮ ቀደም ብዬ አየው ነበር። እትዬ የሺ እንባቸውን እየጠረጉ፣ ጋሽ ታምራት በየዓመቱ ልክ እንዲህ ይቆርጡት እንደነበር፣ እሳቸውም በየዓመቱ ጨካኝ እያሉ ይጣሏቸው እንደነበር ነገሩን። ጋሽ ታምራት ካረፉ ወዲህ ግን እትዬ የሺ የባሌ የእጅ ሥራ ነው ብለው አራት ዓመት ሙሉ መቀስ አላስነኩትም፤ አበባውም ከዓመት ዓመት እያነሰ የሸሚዝ ቁልፍ አክሎ ነበር።

ኤፕሪል ላይ እጅ ሙሉ የሆነ አበባ አበበ። እትዬ የሺ አንድ እቅፍ ቆርጠው ለአቶ ታደሰ ላኩላቸው፤ እሳቸው እስከ ዛሬ የሚያምኑት መርዶውን አሳምረው እንዳረዱ ነው።

ዲሴምበር ሲገባ እትዬ የሺ ደወሉልኝ። ወንድማቸው መዳኑን፣ የልጅ ልጃቸው ቆሞ መሄድ መጀመሩን አጫወቱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጥር እየደረሰ ነው፤ መጥተህ ግደልልኝ» አሉኝ።

እሺ ብዬ ልዘጋ ስል፣ «ብቻህን ና» አሉ።