የሎዌል ባርኔጣና አሥራ ዘጠኙ ግቦች

(እሑድ ረፋድ፣ በአሜሪካዋ ኔብራስካ በበቆሎ እርሻ መሀል ያለው የተኳሾች ክበብ። እዚህ ወደ ሰማይ የምትወነጨፍ ትንሽ የሸክላ ሳህን በጠመንጃ ይሰብራሉ፤ ለአንድ ተኳሽ ሃያ አምስት ትደርሰዋለች። ሎዌል ጡረታ የወጣ የዘር ነጋዴ ነው፤ የማያውቀው ነገር የለም፣ አለ ቢሉትም አያምንም። መርል የሚስቱ ወንድም ነው፣ አሳማ ያረባል። ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል፤ ባዩ ሎዌል ራሱ ነው።)

ሎዌል፦ አስቀምጠው!

መርል፦ ምኑን?

ሎዌል፦ የቀረፋ ዳቦውን! ከተኩስ በፊት ጣፋጭ አይበላም። ስኳር ልብ ያስመታል፣ ልብ ሲመታ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ሸክላዋ ሳትነካ ትሄዳለች። ግብ ቁጥር አራት ነው፤ ተጽፏል።

መርል፦ (እየጎረሰ) ያንተ ግብ እኔን ምን አገባኝ?

ሎዌል፦ አጠገቤ ሆነህ ስታላምጥ ሐሳቤን ትበትነዋለህ። ግብ ቁጥር አምስት።

መርል፦ በጠቅላላው ስንት ናቸው?

ሎዌል፦ (ደብተሩን እየገለጠ) አሥራ ዘጠኝ። በቀለም ለይቻቸዋለሁ።

መርል፦ ውይ! እኔ አሥራ ዘጠኝ አሳማ እንኳን መለየት አቅቶኛል።

ሎዌል፦ ለዚህ ነዋ ሁልጊዜ ከሃያ አምስት አሥራ ስምንት ላይ የምትቀረው! ያለ ግብ የሚተኩስ ሰው ሰማይ ሲያቆስል ነው የሚውለው።

መርል፦ አንተስ?

ሎዌል፦ ሃያ ሦስት! ሰባት ዓመት ሙሉ ሃያ ሦስት። ይሄ መሠረት ይባላል።

መርል፦ ሰባት ዓመት መሠረት ብቻ? ቤቱ መቼ ሊሠራ ነው?

ሎዌል፦ ዛሬ! ግብ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፦ ሃያ አምስት ከሃያ አምስት። እየው እስቲ።

(ከካርቶን ውስጥ አዲስ ባርኔጣ አወጣ። በዚህ ክበብ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሃያ አምስቱንም ሸክላ ሲሰብር ባርኔጣውን ወደ ሰማይ ይወረውራል፤ ጓደኞቹ ተኩሰው ወንፊት ያደርጉትና በክበቡ መመገቢያ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የሁሉም ተሰቅሏል፤ የፓስተሩ ሳይቀር። የሎዌልና የመርል ብቻ ቀርቷል። መርል ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሎዌል ግን የባቄላ ወጡን የሚበላው ለዚያ ግድግዳ ጀርባውን ሰጥቶ ነው፤ ሲያየው ያመዋል።)

መርል፦ ይሄን የመሰለ ባርኔጣ ልታስበሳ? አሞሃል?

ሎዌል፦ የጥንቸል ፀጉር ነው። ስሜም ጫፉ ላይ በወርቅማ ክር ተጠልፏል። ሲበሳሳ እንዳይጠፋ ሁለት ቦታ አስጠልፌዋለሁ።

መርል፦ ሳትሰብር አስጠለፍከው?

ሎዌል፦ ግብ ማለት ይሄ ነው! እንደተሳካልህ አድርገህ ማሰብ። አንተ ለመሆኑ ግብ አለህ?

መርል፦ አንድ አለችኝ።

ሎዌል፦ (ሳቁን እያፈነ) እስቲ እንስማት።

መርል፦ ሸክላዋን ማየት።

ሎዌል፦ ይሄ ግብ አይደለም! ግብ ቁጥር ይፈልጋል። ስንት ሸክላ?

መርል፦ አንድ።

ሎዌል፦ የትኛዋን?

መርል፦ የወጣችውን።

ሎዌል፦ ቀነ ገደብስ?

መርል፦ መሬት እስክትነካ።

ሎዌል፦ መሳካቱን በምን ታውቃለህ?

መርል፦ ከተሰበረች ተሰበረች ነዋ።

ሎዌል፦ አንተና ሚስቴ ከአንድ እናት ተወለዳችሁ ብሎ ማን ያምናል! ና፣ ተጠርተናል። ባርኔጣውን ያዝልኝ።

መርል፦ ለምን አታደርገውም?

ሎዌል፦ አዲስ ነገር አድርጌ አልተኩስም፤ ግብ ቁጥር ስምንት። በአሮጌው ቆቤ ተኩሼ ሲያልቅ እቀይራለሁ።

መርል፦ ጠመንጃ ይዤ በየትኛው እጄ ልያዘው? መሬት ላስቀምጠው።

ሎዌል፦ መሬት? ጉንዳን እንዲወረው?

መርል፦ መኪናዬ ውስጥስ?

ሎዌል፦ ውሻህ አለ።

መርል፦ እንግዲያው ራሴ ላይ ላድርገው። የኔን ቆብ ትናንት አሳማዋ በልታዋለች።

ሎዌል፦ (አሰብ አድርጎ) አድርገው፣ ግድ የለም። በኔብራስካ ምድር ለባርኔጣ ከጥይት የራቀ ቦታ ቢኖር ያንተ ጭንቅላት ነው!

(አብረዋቸው የሚተኩሱት ፖስተኛውና ሌሎቹ ሁለቱ ሳቁ፤ መርልም ሳቀ። አምስቱ ተሰልፈው በየተራ አንድ አንድ ይተኩሱ ጀመር። አምስት አምስት ሲሞላላቸው ቦታ ይቀያየራሉ። የክበቡ ውጤት መዝጋቢ ቨርና ከኋላ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሸክላዋን ትለቃለች፣ ሰው ሲስት ብቻ «ሳተ» ትላለች።)

ሎዌል፦ (ቦታ ሲቀይሩ) አምስት! ሃያ ቀረኝ። አንተ ስንት ደረስክ?

መርል፦ እኔ እንጃ።

ሎዌል፦ አትቆጥርም?

መርል፦ ያለፈውን ምን ያደርግልኛል? ተሰባብሯል እኮ።

ሎዌል፦ ወይ ጉድ! ይሄ ሰው በምርጫ ድምፅ ይሰጣል ደግሞ!

ቨርና፦ ሳተ!

ሎዌል፦ አይዞህ መርል።

መርል፦ ፖስተኛው ነው።

ሎዌል፦ አትፈር፣ እኛ ቤተሰብ ነን።

(ሎዌል አሥር ሞላለት። አሥራ አራት ላይ ሲደርስ ግን ግድግዳው ፊቱ ላይ ድቅን አለበት።)

ሎዌል፦ (ለራሱ) ጉንጭ የጠመንጃው እንጨት ላይ፣ ግብ ስድስት። ትንፋሽ ግማሽ፣ ግብ ሰባት። አሥራ አንድ ይቀራል። ባርኔጣውን ከፓስተሩ በላይ ነው የማሰቅለው... ልቀቂ! (ድው!)

ቨርና፦ ሳተ!

ሎዌል፦ አይዞህ መርል።

መርል፦ አንተ ነህ።

ሎዌል፦ ምን? ከሸክላዋ አቧራ ሲወጣ አይቻለሁ!

ቨርና፦ አቧራ አይቆጠርም። ቁራጭ ካልወደቀ ሳተ ነው። ሕጉን በር ላይ የለጠፍከው አንተ አይደለህም እንዴ?

ሎዌል፦ ያ የቀረፋ ዳቦ ነው! እስካሁን ይሸተኛል!

(ከዚያ በኋላ ሁለተኛውንም ሳተ፣ ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም። ተራው እስኪደርስ ደብተሩ ላይ ግብ ቁጥር ሃያን ይጽፋል፤ ሰው ሁሉ ወደ መርል እንደዞረ ልብ አላለም።)

መርል፦ ልቀቂ! (ድው!) አለቀ እንዴ?

ቨርና፦ (ከወንበሯ ተነሥታ) ሎዌል፣ ሃያ አንድ። መርል፣ ሃያ አምስት።

መርል፦ ከስንት?

ቨርና፦ ከሃያ አምስት ነዋ፣ አንተ ሰውዬ! ባርኔጣህን ወርውር!

(ሰዉ «ባርኔጣ! ባርኔጣ!» እያለ ይጮሃል።)

ሎዌል፦ ቆይ! ቆይ! የሱ አይደለም! ስሜ አለበት እኮ!

ቨርና፦ ሕጉ ምን ይላል?

ሎዌል፦ (ወደ በሩ እያየ) ውጤቱ ሲነገር በተኳሹ ራስ ላይ የተገኘው ባርኔጣ።

ቨርና፦ ማን ጻፈው?

ሎዌል፦ ሰዎች ደህናውን ደብቀው ከመኪና ውስጥ አሮጌ ቆብ እያመጡ ሲያታልሉ ጊዜ... እኔ ነኝ።

መርል፦ ካልፈለግክ ይቅር፣ ሎዌል። ለኔ ግድግዳው ምንም አይደለም።

(ለሎዌል ከሁሉ የከፋው ይሄ ነበር። ሰባት ዓመት ያቃጠለው ነገር ለመርል ምንም አይደለም።)

ሎዌል፦ ወርውረው! ወርውረውና ገላግለኝ!

(ባርኔጣው ወጣ። አራት ጠመንጃ ጮኸ። ሦስቱ አገኙት።)

ቨርና፦ (ልማድ ሆኖባት) ሎዌል፣ ሳተ!

(ሳቁ እስከ አውራ ጎዳናው ተሰማ። ባርኔጣው ወንፊት ሆኖ ወረደ፤ ወርቅማው ስም ግን በሁለቱም ቦታ ደህና ነበር። ከፓስተሩ በላይ ሰቀሉት፤ ቨርና ከሥሩ «ባርኔጣው የሎዌል፣ ተኩሱ የመርል» ብላ ጽፋ ለጠፈች። ሎዌል ዛሬ በየትኛው በኩል ዞሮ እንደሚቀመጥ ግራ ገብቶት ቆየ።)

መርል፦ ስምህ ተሰቀለ እኮ። ግብህ ደረሰ።

ሎዌል፦ ዝም በል።

መርል፦ እሺ።

ሎዌል፦ (ደብተሩን ገልጦ፣ እስክሪብቶውን አውጥቶ፣ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ) መርል።

መርል፦ አቤት።

ሎዌል፦ ሸክላዋን... እንዴት ነው የምታያት?

መርል፦ አስቀምጠው።

ሎዌል፦ ምኑን?

መርል፦ ደብተሩን።