እሜቴ ትርፊት የሚገድሏቸው ሰዎች

በየከተማው አንድም መጽሐፍ ሳያሳትም የሚፈራ ደራሲ አይጠፋም። ለሆሳዕና የደረሷት የባላባት ዘሯ እሜቴ ትርፊት ናቸው። አሁን ዘጠነኛ ልብ ወለዳቸው ላይ ናቸው። የምተይብላቸው እኔ ሽብሩ ነኝ፤ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ቤት አለኝ።

የክብርት ደራሲዋ ሕግ ግልጽ ነው። ባላባት አይራብም፣ አያስነጥስም፣ አይሞትም። ያስቀየማቸው ሰው ግን ልብ ወለዱ ውስጥ ይገባና በሦስት ምዕራፍ ይቀበራል። ቀሚሳቸውን አሳጥሮ የሰፋው ዳኘ ገደል ገባ። በልጇ ሠርግ ከኋላ ያስቀመጠቻቸውን አስካለችን ጅብ በላት። «ኧረ ስም እንኳ ይቀይሩ!» ስላቸው፣ «የባላባት ልጅ ሰው አያማም፤ በስሙ ይጠራል» ይሉኛል።

ስለዚህ ግማሹ ደንበኛዬ የሚመጣው ለማስተየብ አይደለም። በበሩ አንገቱን አስግጎ «ሽብሩ፣ እስካሁን አለሁ?» ይለኛል።

ባለፈው ወር ባለሱቁ ጋሽ ጠና እሜቴን የዘይት ሰልፍ አስያዟቸው። በማግስቱ በመጣልኝ ረቂቅ ውስጥ ባለሱቁ ጠና ትኩሳት ይዞታል። ስቄ ሳልጨርስ እውነተኛው ጋሽ ጠና ታመው ሆስፒታል ገቡ፤ ኦፕራሲዮን ሊደረጉ ነው ተባለ። ባለቤታቸው ሊሻን እያለቀሰች መጣች።

«ሽብሩዬ፣ እሜቴ የጻፉት አይቀርም ይላል ሰው ሁሉ። በፈጠረህ፣ ባሌን አትግደልብኝ!»

«እኔ እኮ ተያቢ ነኝ» ብላት ማን ሰምቶኝ።

ቀጣዩ ምዕራፍ ቀብሩ ነበር፤ ድንኳኑ ሁሉ ተተክሏል። በዘጠኝ መጽሐፍ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ነክቼ የማላውቀው ሰውዬ፣ ቀብሩን አጠፋሁና «በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቀው» ብዬ ተየብኩ።

እሜቴ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ይሄን ሰው ማን ፈወሰው?»

«እኔ ነኝ እሜቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

በቃ፣ ሞቴ ደረሰ አልኩ። እሳቸው ግን እስክሪብቶ አወጡ።

«እህል ሳይቀምስ ነው የዳነው? ምን ዓይነት ድርሰት ነው ይሄ!» አሉና ዳር ላይ ጻፉ፦ «አንዲት የባላባት ልጅ በየጠዋቱ አጥሚት ትልክለት ነበር።»

ይህቺ እንኳን የለየላት ፈጠራ ናት ብዬ ተየብኳት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሽ ጠና ድነው፣ ከስተው፣ ፔርሙዝ ይዘው ሱቄ መጡ።

«ገና ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ነርሷ አጥሚት ታመጣልኝ ነበር። ላኪዋ ስሜን እንዳትነግሪው ብላለች አለችኝ። የማን ይሆን?»

ክዳኑን አየሁት። የእሜቴ አያት ስም ከነማዕረጉ በቀይ ቀለም ተጽፎበታል።

እሜቴ ጠዋት አጥሚት አድርሰው ከሰዓት የሰውየውን ቀብር ይጽፉ ነበር ማለት ነው። እንዴት እንደምወዳቸው! ምነው እኔንም አንድ ቀን በገደሉኝ።