የምዕራፍ አንዱ ሊቅ

በየከተማው ሁሉን ነገር የጀመረ፣ አንዱንም ያልጨረሰ ሊቅ አይጠፋም። ስለ ሕግ ብትጠይቁት መግቢያውን ወስዷል። ስለ ኢኮኖሚክስ ብትጠይቁት መግቢያውን ወስዷል። ስለ ምዕራፍ ሁለት ግን አትጠይቁት፤ ገና አልደረሰበትም።

የእኛ የሶዶው ሊቅ ክቡር ጋሽ አንጁሎ ይባላሉ። ሥራቸው ገሱባ፣ በወረዳ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ወደማስተምርበት የግል ኮሌጅ ይመጣሉ። ዕድሜያቸው ሃምሳን አልፏል። ከሚኒባስ ሲወርዱ አቧራቸውን አራግፈው፣ ጫማቸውን በመሐረብ ጠርገው፣ ሞጁላቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። የቢሮ አሠራር መግቢያን ሁለት ጊዜ፣ የሒሳብ አያያዝ መግቢያን አንድ ጊዜ፣ እኔ የማስተምረውን የማኅበራዊ ሳይንስ መግቢያ ደግሞ ሦስት ጊዜ ወስደዋል። ለምን ቢባሉ «ለክለሳ ነው» ይላሉ።

የትም ይሁን፣ ስለ ምንም ይሁን፣ ንግግራቸው የሚጀምረው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «በመጀመሪያ ትርጉሙን እናስቀምጥ።»

አንድ ክረምት የተሳፈሩበት ሚኒባስ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሰው ሁሉ ወርዶ ሱሪውን ሲሰበስብ እሳቸው ድንጋይ ላይ ቆሙ። «በመጀመሪያ ትርጉሙን እናስቀምጥ። ችግር ማለት አሁን ባለንበትና መድረስ በምንፈልግበት መካከል ያለው ርቀት ነው።» ሾፌሩ ከጎማው ሥር ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ርቀቱ ሦስት ሜትር ነው፤ ይግፉ» አላቸው። ገፉ። እየገፉም የችግር አፈታት ደረጃዎችን በቃላቸው ይዘረዝሩ ነበር አሉ።

የቢሮ አሠራር በተማሩ ሰሞን የባለቤታቸውን የወይዘሮ ትርፌን ጓዳ በፊደል ተራ አደራጁት። ወይዘሮ ትርፌ እንግዳ አስቀምጠው የቃሪያውን ዳጣ ፍለጋ ዕቃ ሁሉ አገላበጡ። ጋሽ አንጁሎ ከእንግዳው አጠገብ ሳይነሡ «‹ደ› ከ‹የ› ቀጥሎ ነው፤ እዚያ ፈልጊ» አሉ። ጓዳው በማግሥቱ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ጎረቤታቸው ብሩክታይት ከባሏ ተጣልታ ሽማግሌ ሲቀመጥም አልቀሩም። «ቤተሰብ የኅብረተሰብ መሠረታዊ ተቋም ነው። ዓይነቱ ሁለት ነው፤ ጠባብ ቤተሰብና ሰፊ ቤተሰብ» ብለው ጀመሩ። ብሩክታይት «ሁለቱም እኛ ቤት ነው ያሉት ጋሼ» አለች። «የባሌ ወንድሞች ለሳምንት ብለው መጥተው ዓመት ሆናቸው። ጠቡም ይኸው ነው።» ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ ባልየውም ሳቀ፣ ዕርቁ በዚያው ቀለለ። ጋሽ አንጁሎ እስከ ዛሬ ሰዎቹን ያስታረቀው ትርጉሙ ነው ብለው ያምናሉ።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ደሜን ያፈሉታል። እኔ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እሳቸው ከኋላዬ ያርሙኛል። «መምህርት ማኅሌት፣ አምና ‹የተደራጀ› የሚል ቃል ነበረበት።» ደግሞም ነበረበት። ባለፈው ሰኔ ትዕግሥቴ አለቀ። «ጋሽ አንጁሎ፣ ኤ አምጥተዋል። ከእንግዲህ እኔ ዘንድ የቀረዎት ነገር የለም፤ እባክዎ ወደ ሁለተኛ ዓመት ይለፉ» አልኳቸው። «እሺ መምህርት» አሉ። ጥቅምት ላይ የሁለተኛ ዓመት ሒሳብ አያያዝ ተመዘገቡ። እኔም እፎይ አልኩ።

እፎይታዬ የቆየው እስከ ምዝገባው መዝጊያ ዓርብ ነው። ኮሌጁ አሥራ አምስት ተማሪ ያልሞላ ክፍል አይከፍትም፤ የእኔን ኮርስ የተመዘገቡት አሥራ አራት ነበሩ። ከሁምቦ የመጣች ሶሲ የምትባል ልጅ ሬጅስትራር ቢሮ በር ላይ ጠበቀችኝ። «መምህርት፣ ካልተከፈተ ልመለስ ነው? አባቴ የፈቀደልኝ ለዘንድሮ ብቻ ነው። ለከርሞ የመማር ተራው የወንድሜ ነው።» የእኔም የቅዳሜ እንጀራ እዚያው ላይ ነበር፤ የእሷ ፊት ግን ከሁሉ ከበደኝ።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጋሽ አንጁሎ ከነአቧራቸው ገቡ። ጫማቸውን እንኳ አልጠረጉም። የሁለተኛ ዓመቱን አሰርዘው የእኔን መግቢያ ለአራተኛ ጊዜ ሞሉ፤ ሁለቱ ኮርሶች የሚሰጡት በአንድ ሰዓት ስለሆነ አንዱን መተው ነበረባቸው። ሬጅስትራሯ ጸሐዬ ሳቋን እየደበቀች ፎርሙን አየችው።

«ጋሼ፣ ድጋሚ የተመዘገቡበት ምክንያት ምን ይባል?»

«ውጤት ለማሻሻል።»

«ያለዎት እኮ ኤ ነው። ከኤ በላይ የለንም።»

«በመጀመሪያ» አሉ ጋሽ አንጁሎ፣ «የመሻሻልን ትርጉም እናስቀምጥ።»

እሳቸው ሲወጡ ጸሐዬን አፋጠጥኳት። ያለፈውን የሦስት ዓመት የምዝገባ መዝገብ አውጥታ ፊቴ ዘረጋችው። በሦስቱም የመጨረሻው ስም፣ ተራ ቁጥር አሥራ አምስት፣ አንጁሎ ነው።

«ቁጥር ሲጎድል ገሱባ እደውላለሁ» አለችኝ። «ዘንድሮም ደወልኩ። ላንቺ እንዳልነግርሽ አስምለውኛል።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ከክፍሌ እንዲወጡልኝ ስመኝ የኖርኩት ሰው ክፍሌን ደግፈው ይዘውልኝ ኖረዋል። አፈርኩ። ያን ሁሉ እርማታቸውንም በአንድ ጊዜ ወደድኩት።

በማግሥቱ ሶሲ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች፤ ጋሽ አንጁሎ ከአጠገቧ። ጫማቸው ተጠርጓል። ሰሌዳው ላይ «ኅብረተሰብ ማለት» ብዬ ጻፍኩ። ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ቆዩ ጋሽ አንጁሎ» እል ነበር። ዞር አልኩና ጠመኔውን ሰጠኋቸው።