ገመዱ ለሻጭ ነው

አብዮቱ የጌዶን አቧራ ሳይቀር ባነቃበት በዚያ ታላቅ ዘመን፣ ያገለገለ መኪና እንዴት ተመርምሮ እንደሚገዛ ለመጪው ትውልድ አርአያ የሆነ አንድ ሰው ነበር። ኦቦ ነገራ ይባላል። መኪና ነድቶ አያውቅም። የመኪና ልምዱ፣ በአውቶቡስ ወደ አምቦ ሲሄድ አጠገቡ የተቀመጠውን ሁሉ ስለ በሬ ሲያስተምር መዋሉ ነው። ይህ ግን ለዕውቀቱ እንቅፋት አልሆነበትም። ለአንዳንድ ሰው ዕውቀት ከላይ ይሰጠዋል፤ ምን ይደረግ።

ነገራ የከብት ነጋዴ ነው። በጌዶ ገበያ የበሬን ዕድሜ ከሩቅ አይቶ ይናገራል፤ አራሹን ከለጋሚው፣ ተዋጊውን ከጨዋው በአረማመዱ ይለያል። "ነገራን ያታለለ ገና አልተወለደም" ይባላል። ይህን አባባል ከሰው ሁሉ አብዝቶ የሚናገረው ራሱ ነገራ ነው። ታዲያ አንድ ቀን፣ ከጌዶ አምቦ ሰው እያመላለስኩ እርጅናዬን ቁጭ ብዬ ብበላስ የሚል ሐሳብ መጣለት። አምቦ ላይ አቶ አሻግሬ የሚባል ጡረተኛ መኪናውን በከብት ሊለውጥ እንደሚፈልግ ሰማ፤ ዋጋውም ሁለት የደለቡ ሰንጋዎችና አንዲት የምትታለብ ላም ነበር።

"ሰንጋዎቹን ውሰድ፤ ያንተ ናቸው" አለችው ሚስቱ ጌጤነሽ። "ዳለቻን ግን አትነካም።"

"ሰውየው ያለ ላም አይሆንም አለ።"

"እንግዲያው ይቅራ! ቅቤዬ ከሷ፣ እርጎዬ ከሷ። ዱሬቲን ያሳደገቻት ዳለቻ ናት እንጂ አንተ ነህ እንዴ? አንተ ገበያ ነበርክ። ደግሞስ መኪናዋን ማን ሊነዳት ነው?"

"ዕድሜ ልኩን ሰንጋ የነዳ ሰው አራት ጎማ ያቅተዋል? በገዛ ፈቃዷ የምትሄድ ነገር እኮ ናት።" ነገራ ደረቱን ነፋ። "ስሚኝ፣ የዱሬቲ እናት። ወተት ያጣሽ ቀን እኔን እለቢኝ!"

 ጌጤነሽ የዳለቻን ማለቢያ ጮጮ አጥባ፣ ከበሩ ጀርባ በሚታይ ቦታ ሰቀለችው። ነገራ ይህን እንደ ስምምነት ቆጠረው።

አቶ አሻግሬ የሚኖረው አምቦ፣ ከሁሉቃ ወንዝ አፋፍ ላይ ነው። በጽሕፈት ቤት ያረጀ፣ ቃሉን እንደ ደብዳቤ አስተካክሎ የሚናገር ሰው ነው። ቀጠሮውን ለእሑድ ያደረገው እሱ ነበር። በዚያን ጊዜ ቤንዚን ለመቆጠብ ሲባል የግል መኪና በእሑድ እንዳይነዳ ታዞ ነበርና፣ አቶ አሻግሬ እንግዳውን ገና ከበር ሲቀበል እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"አስነሥቼ ባሳይዎ ምንኛ ደስ ባለኝ፣ ኦቦ ነገራ። ዕለቱ እሑድ ሆነብን እንጂ። ከመመሪያ ውጭ መንቀሳቀስ አይቻልም።"

ነገራ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። የእሱ በሬዎች በሰንበት ይዋጋሉ፣ የሰው ማሳ ይገባሉ፤ እንዲህ ያለ ምግባር አይቶባቸው አያውቅም።

"ሰንበት ታከብራለቻ!"

"እኔ ቤት ከገባች ጀምሮ አንድም ሰንበት ሽራ አታውቅም።"

"የወር በዓላትስ?"

አቶ አሻግሬ ጥቂት አሰበ። "እንዲያውም የሥራ ቀንንም ጭምር ነው የምታከብረው" አለ። ይህ ሰው ዋሸ የሚል ካለ ያማዋል፤ አንዲት ቃል አልዋሸም።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። ደንቡ ነውና ሁለት ሽማግሌዎች በምስክርነት ቆመዋል፤ ሰንጋዎቹና ዳለቻም ከአጥሩ ጥግ ሆነው ይመለከታሉ። መኪናዋ ሰማያዊ ነበረች፤ ቢያንስ ከአንድ ጎኗ። የሠሪዋ ስም ከግንባሯ ላይ ወድቋል። ነገራ ግን ስም የሚጠይቅ ሰው አይደለም፤ በሬ ስሙን ጽፎ አይመጣም። ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ ጥርሷን አየ። ከአፍንጫዋ በታች የተደረደሩት ብረቶች አንድም አልጎደሉም።

"ጥርሷን አላረገፈችም፤ ገና ልጅ ናት" አለ ለምስክሮቹ።

ቀጥሎ መዳፉን በመብራቶቿ ፊት አወዛወዘ። አልደነገጠችም።

"ዓይኗ ደኅና ነው?"

"ከተማ ስላደገች በእጅ አትደነግጥም" አለ አቶ አሻግሬ።

በከዘራው ኋላዋን ቸብ አደረጋት። አልተራገጠችም። "ጨዋ!" አለ ነገራ። ከዚያ በደረቱ ተኝቶ ከሆዷ ሥር ተመለከተ፤ መሬቱ በጥቁር ዘይት ርሷል። አቶ አሻግሬ ይህን ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ታንጠባጥባለች?"

"እ... አልፎ አልፎ... መቼም..."

"እሰይ! ሆዱ የደረቀ ከብት ቀኑ የቀረበ ነው። ይሄ ጥጋብ ነው፣ አቶ አሻግሬ!"

"ጥጋብስ ጥጋብ ነው" አለ አቶ አሻግሬ፣ ነፍሱ መለስ ብላ።

"ከርስዎ በፊት ማን ቤት ነበረች?"

"ከአንድ መምህር ላይ ነው የገዛሁት። ሰውየው ዛሬ እግሩ ከመጠንከሩ የተነሳ ጊንጪ ድረስ በእግሩ ይሄዳል።"

"እግረ ርጥብ ናት ማለት ነዋ! ለገባችበት ቤት ጤና ይዛ ትገባለች።" ነገራ ወደ ምስክሮቹ ዞረ፤ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። "እስቲ ደግሞ ድምፅዋን አሰሙኝ።"

አቶ አሻግሬ ጡሩንባዋን ተጫነ። በመኪናዋ ላይ ጤነኛ ሆኖ የቀረ አካል ቢኖር ጡሩንባዋ ነበርና፣ የሁሉቃ ማዶ ውሾች በሙሉ መለሱላት። "ያ ዋቃ!" አለ ነገራ አምላኩን ጠርቶ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንዲህ የሚጮህ ነገር እንዴት አይሄድም?

ምርመራው እንዲህ ባለ ጥልቀት ከተፈጸመ በኋላ፣ አቶ አሻግሬ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋ። ነገራ እሳት እንደ ነካው ሰው እጁን ሰበሰበ።

"ምን ማድረግዎ ነው?"

"ቁልፏ ነዋ።"

"መኪና ከቤት የሚወጣው፣ ቤት የሚገባው በምንድነው?"

"በቁልፍ ነው።"

"ታዲያ ይሄ ገመዷ አይደለም እንዴ? ገመዱ ለሻጭ ነው!"

የአገሩን ደንብ ለማያውቅ እንንገረው። ከብት ሲሸጥ ሻጭ ከብቱን ይሰጣል እንጂ የታሰረበትን ገመድ አይሰጥም፤ ፈትቶ ወደ ቤቱ ይዞ ይመለሳል። ገመዱ ከሄደ የቤቱ በረከት አብሮ ይሄዳል። የሰው ገመድ ወስዶ የሚሄድ ገዢ ከሌባ ተለይቶ አይታይም።

"ኧረ ኦቦ ነገራ፣ ያለ ቁልፍ እኮ..." አለ አቶ አሻግሬ፤ ኅሊና የሚባለው ነገር ለአፍታ ቸብ አድርጎት ነበር።

"አንድ ቃል አይጨምሩ! ነገራ የሰው በረከት ዘርፎ ቤቱ አይገባም። በምስክር ፊት ተናግሬያለሁ!"

አቶ አሻግሬ በዘመኑ እንዲህ ያለ ደንብ አክባሪ ገዢ አላጋጠመውም። ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰ። ነገራም በበኩሉ የሰንጋዎቹንና የዳለቻን ገመድ ፈትቶ ትከሻው ላይ ጣለ። ዳለቻ አንገቷ ባዶ ሲቀር ዞራ አየችው። እሱ ግን ዓይኑ የመኪናዋ ጡሩንባ ላይ ነበር።

በማግስቱ ነገራ ወፍራም የጭነት ገመድ ገዛና፣ ወደ ነቀምት የሚሄድ ባለ ጭነት መኪና ለምኖ መኪናዋን ከኋላው አሰረ። ራሱ መሪው ላይ ተቀምጦ ከጉደር እስከ ጌዶ ሳያቋርጥ ጡሩንባ ነፋ። የጌዶ ሰው በእልልታ ወጣ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ውባየሁም፣ ሰው ተሰብስቦ ካየ ንግግር ሳያደርግ ማለፍ የማይሆንለት ስለሆነ፣ ድንጋይ ላይ ወጣ።

"ጓዶች! ይህች መኪና ብቻዋን አልመጣችም። ከሰፊው የጭነት መኪና ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ነው የመጣችው! ይህ የኅብረት ሥራ ሕያው ምሳሌ ነው! በዚህም ጉዞ አንዲት ጠብታ ቤንዚን አላባከነችም!"

ጭብጨባው ሲበርድ ጌጤነሽ ቀረብ ብላ፣ "ለምንድነው የምትጎተተው?" አለችው።

"አዲስ ከብት እኮ በገመድ ነው ቤት የሚገባው። ትልመድ።"

መኪናዋ ግን ቤቱን ለመደች እንጂ መንገዱን አልለመደችም። ነገራ ጠዋት ጠዋት ገብቶ መሪዋን ይይዛል፣ ጡሩንባ ይነፋል፣ ይወርዳል። ቁልፍ እንደሚያስፈልግ ከገባው ቆይቷል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለመረዳት ቁጭ ብሎ ማሰብ አይጠይቅም። የከበደው ቃሉ ነበር። በምስክር ፊት የተሟገተበትን ደንብ ሽሮ አምቦ ወርዶ "ገመድዎን ይስጡኝ" ቢል፣ ገበያው በቁሙ ይቀብረዋል። ነገሩ እንቅልፍ ነሳው።

ጌጤነሽ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጮጮውን ይዛ በመኪናዋ መስኮት ትመጣለች።

"በል ውረድ፣ የዱሬቲ አባት። ወተት የለም።"

"እባክሽ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ እንጂ! ጥጃ ላምጣልህ?"

ጎረቤት በአጥር ሥር ሆኖ ይስቃል። እሷ ግን አትስቅም ነበር። ባዶውን ጮጮ ይዛ ጓዳ ስትገባ ታለቅስ እንደነበር ነገራ ያውቃል፤ በዚያን ሰዓት ጡሩንባውን የሚነፋው ለቅሶዋን ላለመስማት ነው።

አንድ ጠዋት ከበሩ "እምቧ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ዳለቻ ናት። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ፣ ጎኗ ገብቶ፣ አንገቷ ባዶ ሆኖ፣ ከአምቦ ተነሥታ ጉደርን ተሻግራ በእግሯ መጥታ ቆማለች። አቶ አሻግሬ የከተማ ሰው ነውና፣ ገመድ የሌለው ከብት በሩ ሲከፈትለት ወዴት እንደሚሄድ አላሰበበትም። ጌጤነሽ ግንባሯን አቅፋ፣ "የኔ እናት! የኔ እናት!" እያለች አለቀሰች።

ማክሰኞ ዕለት አቶ አሻግሬ ከአውቶቡስ ወረደ። ሰው ተሰበሰበ፤ ጓድ ውባየሁም ተገኘ።

"ላሜ ያለ ፈቃድ ከግቢዬ ወጥታ እዚህ ስለምትገኝ እንድትመለስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ" አለ አቶ አሻግሬ።

"ይውሰዷት፤ የርስዎ ናት" አለ ነገራ የዳለቻን ገመድ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፤ ቃል ቃል ነው። "ገመዱ ግን የኔ ነው።"

አቶ አሻግሬ ዳለቻን ከኋላ ገፋት። ታመነዥካለች። በቀንዷ ጎተታት፤ ራሷን ወዘወዘችና አጥር ላይ ጣለችው። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ፤ ከኪሱም አንድ ነገር አወጣ።

"ኦቦ ነገራ፣ ይሄው ቁልፉ። ገመዱን ይስጡኝ።"

 ነገራ ቁልፉን ሲያይ ምራቁን ዋጠ። እጁ ትከሻው ላይ ወዳለው ገመድ ሄደ።

"ቆይ!" አለች ጌጤነሽ፣ በሁለቱ መካከል ገብታ። "አቶ አሻግሬ፣ ላሜ ያለ ገመድ ቤቷን አውቃ መጥታለች። እስቲ የርስዎም ትሞከር። ገመዷ በእጅዎ ነው። ያስነሡና ከዚህች በር ያስወጧት። ከወጣች ዳለቻን እኔው ራሴ ስቤ አምቦ አደርስልዎታለሁ። ካልወጣች ላሜ ትቀራለች፤ መኪናዎን ይዘው ይሄዳሉ።"

"ነገሩ በጥናት..."

"ምን ያስፈራዎታል? ዛሬ እሑድ አይደለም!"

አቶ አሻግሬ እንደ ተፈረደበት ሰው ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ጭጭ። ደግሞ አዞረ። ጭጭ። በድንጋጤ ክርኑ ጡሩንባዋን ነካውና ከተማው ተናወጠ።

"ለመጨረሻ ጊዜ የሄደችው መቼ ነው?" አለ ጓድ ውባየሁ።

አቶ አሻግሬ ላቡን ጠረገ። "በንጉሡ ጊዜ" አለ ቀስ ብሎ።

ጓድ ውባየሁ ወዲያውኑ ድንጋዩ ላይ ወጣ። "ጓዶች! ይህች መኪና ከመጀመሪያውም አድኃሪ እንደነበረች እኛ ቀድመን አውቀናል!" ጭብጨባው ከመጀመሪያው አላነሰም።

ዳለቻ ቀረች። ሰንጋዎቹ ግን አዲስ አበባ ገብተው ጥብስ ሆነዋልና ወሬያቸውን ያነሳ የለም። አቶ አሻግሬ ወደ አምቦ የሚመለስ ጭነት መኪና አቁሞ፣ ያንኑ ወፍራም ገመድ ከመሬት አንሥቶ መኪናውን አሰረና መንገድ ላይ አወጣት። ገና ዋናውን ጎዳና ሲይዙ ነገራ ከዘራውን ዘርግቶ ፊታቸው ቆመ።

"ይህን ከብት አሁን ለማን እየመለስኩ ነው?"

"ለኔ" አለ አቶ አሻግሬ።

"ሰጪው እኔ፣ ተቀባዩ እርስዎ። አይደለም?"

"ነው እንጂ። ታዲያ ምን..."

ነገራ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ፈታና ትከሻው ላይ ጣለው። "ጋሪ! መልካም ነው፤ ደኅና ይግቡ" አለ።

ጭነት መኪናው ባዶውን ሄደ፤ አቶ አሻግሬም ላዩ ላይ ተሳፍሮ። መኪናዋ ከጎዳናው ዳር ቀረች፤ ቁልፏ አምቦ፣ ገመዷ ነገራ ቤት። ዶሮ ትፈለፍልባታለች። የከተማው ቤንዚን ቆጣቢ ንብረት ተብላ በጓድ ውባየሁ ሪፖርት ውስጥ በየዓመቱ ትገባለች።

የነገራ ዝና ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። አንድ ቀን ሌንጮ የሚባል ወጣት መምህር ቤቱ መጥቶ፣ "ኦቦ ነገራ፣ ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው። መጀመሪያ ምን ላረጋግጥ?" አለው።

ነገራ የቀረበለትን እርጎ ጠጥቶ ጢሙን ጠረገ። 

"ጥርስ ምንም አይደለም። ዓይንም ይቅር" አለ። "መጀመሪያ፣ መንገዷን አውቃ የምትመለስ ላም እንዳለችህ አረጋግጥ።"

"ሚስትህን ጠይቅ በለው እንጂ!" አለች ጌጤነሽ ከጓዳ።

"ወደሱ እየመጣሁ ነበር እኮ!" አለ ነገራ።